የጋሪ ፈረስ ትከሻና የአናጢው ሙያ

በአገራችን ታሪክ ፈረስ የተከበረ እንስሳ ነው። ታላላቅ ሰዎች በወላጆቻቸው በወጣላቸው ስም ብቻ ሳይሆን በፈረሳቸውም ስም ይጠሩ እንደ ነበር ማንም ተማሪ ያውቀዋል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ መባላቸው ከዚሁ የመጣ ነው። ለጦርና ለክብር ፈረስ የሚሠራው ኮርቻ፣ ልጓምና ግላስም የቆዳ ሠሪውና የብር ሠሪው ጥበብ የሚታይበት ዕቃ ነበር። ወደ ጋሪው ፈረስ ዘወር ብለን ስንመለከት ግን ሌላ ነገር እናያለን። ለእርሱ የተረፈው የአሮጌ ጎማ ቁራጭ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ድሪቶና የናይሎን ገመድ ነው። ጌታውን የሚሸከመው ፈረስ በብር ሲያጌጥ፣ ኑሮን የሚጎትተው ፈረስ በገመድ ይቆስላል።

ይህን የምናነሣው ለእንስሳ አዝነን ለመቆዘም ብቻ አይደለም። ርኅራኄ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ የገንዘብና የሙያ ጉዳይም ነው። በኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ እንዳለ ይገመታል። ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት ከቢሾፍቱና ከሞጆ እስከ ሻሸመኔና ጎንደር በብዙ ከተሞች ዋናው የሕዝብ ማመላለሻ ጋሪ ነበር። ዛሬም ቢሆን ባጃጅ ሊገባበት በማይችለው ኮረኮንች መንገድ እህሉ ወደ ገበያ፣ ጡቡና አሸዋው ወደ ግንባታ የሚደርሰው በአብዛኛው በጋሪ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። የሚያደርስ መሆኑን ካመንን፣ በምን እንዲያደርስ እንዳሰርነው መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።

የጋሪን ፈረስ አስተውሎ ለተመለከተ ሰው ቁስሉ የሚታይባቸው ቦታዎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጫንቃው፣ ደረቱ፣ የሆድ ማሰሪያው የሚያልፍበት ቦታና የጅራቱ ሥር ናቸው። እነዚህ ቦታዎች ማሰሪያው የሚያርፍባቸው መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ቁስሉ ደግሞ በቁስልነቱ ብቻ አይቀርም። በሻጋታ የሚመጣውና በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የሚባለው በሽታ፣ ሞቃትና እርጥበት ባለባቸው ከተሞቻችን ብዙ የጋሪ ፈረሶችን ከሥራ ያስወጣ ሲሆን፣ አንዱ ዋና መግቢያው የቆሰለ ቆዳ ነው። ማሰሪያው ከአንዱ ፈረስ ተፈትቶ በሌላው ላይ ሲታሰርም በሽታውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ በርካሽ ገመድ የተጀመረ ነገር የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ የሆነውን ፈረስ አሳጥቶ ያበቃል ማለት ነው።

የችግሩን ሥር ለመረዳት በበሬና በፈረስ መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ያስፈልጋል። የአገራችን በሬ ሻኛ አለው። ቀንበሩ ከሻኛው ፊት ያርፋል፤ በሬውም ሻኛውን ተደግፎ ይገፋል። ገበሬው ከአንገቱ ግራና ቀኝ የሚሰካቸው ማነቆዎች ቀንበሩ እንዳይንሸራተት ይጠብቃሉ እንጂ ጭነቱን አይሸከሙም። ሞፈሩ፣ ምራኑና ቀንበሩ እርስ በርሳቸው የተስማሙት ለዚህ እንስሳ አካል ተብለው ስለ ተሠሩ ነው። ፈረስ ግን ሻኛ የለውም። ጉልበቱ የሚወጣው ከኋላ እግሩ ሆኖ፣ ጭነቱን የሚገናኘው በሁለቱ ትከሻዎቹ ነው። ስለዚህ ጠባብ ገመድ በአንገቱ ላይ ካለፈ ጉሮሮውን ያንቃል፤ ከደረቱ በታች ዝቅ ካለ ደግሞ የትከሻውን ጫፍ አጥንት እየመታ እርምጃውን ያሰናክላል። ለበሬ ጠባቂ የሆነው ማነቆ ለፈረስ በስሙ እንደ ተጠራው ማነቆ ይሆንበታል።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ በትከሻ ላይ የሚያርፍ፣ ከውስጥ በጨርቅ ወይም በጭድ የተሞላ፣ ከውጭ በሁለት ቅስት እንጨቶች የተያዘ ዕቃ ነው። እኛ በልብሳችን ስም የፈረስ አንገትጌ ብንለው ያስማማናል። አንገትጌ በቻይና ከአውሮፓ ቀድሞ የታወቀ ነው። በአውሮፓም ከ9ኛውና ከ10ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እየተስፋፋ ሄዶ፣ በሰሜኑ ክፍል ፈረስ በእርሻ ላይ ቀስ በቀስ የበሬን ቦታ እንዲይዝ ከረዱት ነገሮች አንዱ ሆኗል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለወጣት ምሁራን የሚጠቅም አንድ ትምህርት አለ። ሌፌቭር ዴ ኖዌት የተባለ ፈረንሳዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጥንት ሰዎች ፈረሱን በጉሮሮው እያሰሩ ያንቁት ስለ ነበር ጉልበቱን ሊጠቀሙበት አልቻሉም ሲል ጻፈ። የባርነትንም ታሪክ ከዚሁ ጋር አያያዘው። ሐሳቡ ለብዙ ዘመን ያለ ጥያቄ ሲጠቀስ ኖረ። በኋላ ግን በ1970ዎቹ ዣን ስፕሩይት የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ የጥንቱን ሠረገላና ማሰሪያ እንደ ነበረው አድርጎ ሠርቶ በሕያው ፈረስ ላይ ሲፈትነው፣ ፈረሶቹ ሳይታነቁ ጎተቱ። የፊተኛው ሰው የተለያዩ ሁለት የአጠማመድ ስልቶችን በአንድ ላይ ደባልቆ ኖሯል። የአንገትጌ ጥቅም በዚህ አልተሻረም፤ ከባድ ጭነት ለሚጎትት ፈረስ ዛሬም እርሱን የሚተካ ዕቃ ብዙ አይደለም። ነገር ግን በወረቀት ላይ እውነት የመሰለ ሁሉ በፈረሱ ትከሻ ላይ እውነት እንደማይሆን ነገሩ ያስተምረናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ሳይጎዳ ሊጎትት የሚችለው ኃይል በግምት ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 25 ኪሎ ይሆናል። የቆመ ጋሪ ለማስነሣት ወይም ዳገት ለመውጣት ግን ከዚህ እጥፍ በላይ መሳብ አለበት። ለምሳሌ 60 ኪሎ ሳበ እንበል። ማሰሪያው 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገመድ ሆኖ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቱን ቢነካ፣ ጠቅላላ የሚያርፍበት ቦታ 120 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ግማሽ ኪሎ ይጭናል። ማሰሪያውን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ብናሰፋው ግን ያው ኃይል በ400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ይከፋፈልና ጫናው ከሲሶ በታች ይወርዳል። ጭነቱም ፈረሱም ያው ነው፤ የተለወጠው ስፋቱ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚማረው ማካፈል ይበቃል።

ስፋት ብቻውን ግን አይበቃም። ጥሩ የእንጨት አንገትጌ ሊያሟላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሁለቱ ቅስት እንጨቶች እንደ ትከሻው መውረጃ መታጠፍ አለባቸው፤ ቀጥ ያለ እንጨት በሁለት ነጥብ ብቻ ነክቶ እነዚያን ነጥቦች ያቆስላል። ሁለተኛ፣ በላይም በታችም ጠፍር ተደርጎለት የሚጠብና የሚሰፋ መሆን አለበት። የእኛ አገር ፈረስ በክረምት ሣር ሲያገኝ ይወፍራል፣ በበጋ ይከሳል፤ በነሐሴ ልክ የነበረው በመጋቢት ሰፍቶ ይፈገፍጋል። ሦስተኛ፣ ከታች በጉሮሮውና በአንገትጌው መካከል የተዘረጋ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፤ ይህ ፈረሱ እየሳበ እንዲተነፍስ ነው። አራተኛ፣ ትራሱ ከእንጨቱ ተለይቶ የሚወጣና የሚታጠብ ይሁን፤ ላብ የደረቀበት ትራስ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው። አምስተኛ፣ መጎተቻው የሚታሰርበት ቦታ ከአንገትጌው ቁመት ከታች ሲሶ ገደማ ላይ ይሁን። ከዚህ ከፍ ካለ አንገትጌው ወደ ላይ እየተሳበ ጉሮሮን ይጫናል፤ ዝቅ ካለም የትከሻውን ጫፍ ይመታል።

እንጨቱም ይመረጥ። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ግን ከባድ ነው። ዋንዛ ቀለል ያለና ለመጥረብ የሚመች ነው። ጠንካራውን እንጨት መጎተቻው ለሚታሰርበት ቦታ፣ ቀላሉን ለቅስቱ ማድረግ ይቻላል። ይህን ከማንም የፋብሪካ መሐንዲስ ይልቅ ቀንበር ሲጠርብ የኖረ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል።

ከአንገትጌው ሌላ አንድ ትንሽ ነገር ልንጨምር ይገባል። በብዙ ጋሪዎች ላይ ማሰሪያው በቀጥታ ከጋሪው ዘንግ ጋር ይታሰራል። ፈረስ ሲራመድ ግን ትከሻዎቹ በየተራ ወደ ፊት ይወጣሉ። ማሰሪያው የማይንቀሳቀስ ከሆነ በእያንዳንዱ እርምጃ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ቆዳውን ይፈገፍጋል። በፈረሱና በጋሪው መካከል መኻሉ ላይ በአንድ ብሎን ተይዞ የሚወዛወዝ የባሕር ዛፍ እንጨት ቢገባ፣ የሚንቀሳቀሰው እንጨቱ ሆኖ ቆዳው ያርፋል። ዋጋው አንድ እንጨትና አንድ ብሎን ነው።

«ጊዜው የትራክተርና የባጃጅ ነው፤ ስለ ፈረስ አንገትጌ ማውራት ወደ ኋላ መመለስ አይሆንም ወይ?» የሚል ወጣት እንደማይጠፋ እናውቃለን። የምንመልስለት አጭር ነው። ትራክተሩ ይምጣ፤ መምጣቱን የሚጠላ የለም። እስኪመጣ ድረስ ግን የሚጎትተው ማን ነው? የነዳጅ ዋጋ ያልደረሰበት ገበሬ ዛሬ እህሉን በምን ያውጣ? ነገ የሚመጣውን እየጠበቁ ዛሬ ያለውን ማበላሸት ሥልጣኔ አይደለም። ደግሞም ለቀላል ጭነት በሜዳና በአስፋልት ላይ ሰፊ የደረት ማሰሪያ ይበቃል፤ አንገትጌ ለሁሉም ፈረስ ይታሰር አላልንም። ለዳገት፣ ለከባድ ጭነትና ፈረስ በሚያርስበት አገር ለእርሻ ግን ያስፈልጋል።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው። «ስንት የተሻሻለ መሣሪያ ተሠርቶ መጋዘን ውስጥ አልቀረም?» ይላሉ። እውነት ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንድ በሬ ብቻ የሚያሳርስ አጭር ቀንበር አዘጋጅቶ ነበር። ሁለተኛ በሬ ለሌለው ገበሬ ታላቅ ነገር መስሎ ታየ፤ በምርምር ጣቢያውም ጥሩ ሠራ። በገበሬው ማሳ ላይ ግን አፈሩ ከባድ፣ በሬውም የከሳ ነበርና እንደ ታሰበው አልተስፋፋም። ከዚህ የምንማረው መሣሪያ ማሻሻል ከንቱ መሆኑን አይደለም። መሣሪያው በሚሠራበት መንገድ፣ በሚጎትተው እንስሳና በሚይዘው ሰው እጅ ሳይፈተን ተጠናቀቀ መባል እንደሌለበት ነው።

ስለዚህ ሥራውን ለሦስት ወገኖች ብናካፍለው ይሻላል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ሌላ የመጽሐፍ መደርደሪያ ከሚሠራ፣ ከባለጋሪና ከእንስሳት ሐኪም ጋር ሆኖ አንድ አንገትጌ ይሥራ፤ በአንድ ፈረስ ላይ ለጥቂት ወራት ይፈትነው፤ የሚያቆስልበትን ቦታ እያየ ያስተካክለው። የማዘጋጃ ቤት ወጣት ሹም ደግሞ ጋሪን ከከተማ ስለ ማስወጣት ከማሰቡ በፊት ስለ ማሰሪያው ያስብ። የጋሪውን ታርጋ የሚመረምር ሰው የፈረሱንም ደረት ሊመለከት ይችላል፤ የቆሰለ ፈረስ እስኪድን እንዳይሠራ ማድረግም ከባድ ደንብ አይደለም። ሦስተኛው ወገን የፈረሱ ባለቤት ነው። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሌላ፣ ነጂው ሌላ ነው። ነጂው የዕለቱን ገቢ ማስገባት ግዴታው ስለ ሆነ ስለ ነገው ቁስል አይጨነቅም። እንግዲህ ጥሩ ማሰሪያ የማቅረቡ ኃላፊነት በድሃው ነጂ ላይ ሳይሆን በባለ ንብረቱ ላይ መውደቅ ይገባዋል።

በከፍተኛ ትምህርት ቤት ተምሮ ስለ እንጨትና ስለ ጠፍር ማሰብ የሚያሳፍር የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ምሕንድስና ማለት ኃይልን ከሚመጣበት ወደሚፈለግበት ቦታ ያለ ብክነትና ያለ ጉዳት ማድረስ ከሆነ፣ ከፈረስ ትከሻ እስከ ጋሪ መንኮራኩር ያለው ርቀት የምሕንድስና ሁሉ መጀመሪያ ነው። እዚያ ላይ ያልተጠነቀቀ እጅ በትልቁ መኪና ላይ ይጠነቀቃል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ዛሬ ለመጀመር የሚያስፈልገው የመለኪያ ሜትር፣ መጥረቢያ፣ ጥቂት ጠፍርና የሚያስተውል ዓይን ነው። እነዚህ ደግሞ በየከተማው ይገኛሉ።