ከበዓሉ ማግሥት የሚቆጠረው ገንዘብ



ታቦታቱ በከተራ ዕለት ከየመንበራቸው ተነሥተው በካህናቱ ዝማሬና በምእመናኑ እልልታ ታጅበው ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ፣ በመንገዱ ዳር ሁላችንም የለመድነው አንድ ነገር ይታያል። ጃንጥላ ተዘቅዝቆ ይዘረጋል፤ የአንዱ መባ፣ የሌላዋ ስእለት በውስጡ ይወርዳል። ሰጪው አማትቦ ያልፋል። ያ ገንዘብ ማታ በእነማን ፊት እንደሚቆጠር፣ በምን ላይም እንደሚውል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የታላላቁን አድባራት ሒሳብ ለጊዜው እንተወው፤ የራሱ ሹማምንት አሉት። እኛን የሚያሳስበን የአነስተኛዪቱ አጥቢያ ነገር ነው። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። እነዚህ አምስት ልዑካን ይበላሉ፣ ይለብሳሉ። ለመሥዋዕቱ ስንዴና ዘቢብ፣ ለመቅደሱ ዕጣንና ጧፍ ዓመቱን ሙሉ ይፈለጋል። ከዲያቆናቱ አንዱ ኑሮ ከብዶት ለቀን ሥራ ወደ ከተማ የሄደ እንደሆነ ቅዳሴው ይታጎላል። የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚዘጋው በዚህ ዓይነት ነው፤ ቀስ በቀስ፣ ድምፅ ሳያሰማ።

ቀድሞ ካህኑ የሚተዳደረው ለአገልግሎቱ በተሰጠው የሰሞን መሬት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ይህ መተዳደሪያ ቀረ። ደግነቱ፣ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በአንድነት የሚመክሩበትን ሰበካ ጉባኤ አስቀድሞ መሥርቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በልጆቿ መዋጮ የምትቆምበት መንገድ መሬቱ ከመወሰዱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ተጠረገ ማለት ነው።

እንግዲህ የአጥቢያዪቱ ጎተራ የምእመናን እጅ ነው። ይህ እጅ ግን በበዓል ተዘርግቶ በማግሥቱ ይታጠፋል። በዓመታዊው ንግሥ የተገኘው ገንዘብ ለዕለቱ ብዙ ቢመስልም፣ ጳጉሜን እንኳ ሳትቆጠር ለ12 ወራት ሲከፋፈል ይሳሳል። በአንጻሩ 100 አባወራ ያላት አጥቢያ፣ እያንዳንዱ ቤት በወር 100 ብር ቢያዋጣላት፣ በወር 10,000፣ በዓመት 120,000 ብር ታገኛለች። ይህ ባለጸጋ አያደርጋትም፤ አለቃው ግን ዲያቆኑን «የዚህን ወር ታገሠን» ከማለት ይድናል።

ስጦታችን ለዓይን ወደሚታየው ማዘንበሉም አንድ ችግር ነው። ለሕንፃ፣ ለጉልላት፣ ለድምፅ ማጉያ ሲባል በአገር ውስጥም በባሕር ማዶም ያለው የአካባቢው ተወላጅ ይረባረባል፤ ለቀዳሹ ደመወዝ ሲባል ግን ጉባኤው ጸጥ ይላል። ሕንፃዋ አምሮ ቀዳሽ ያጣች ቤተ ክርስቲያን ማየት ያሳዝናል። ስእለት የገባ ሰው አሥረኛውን ጃንጥላ ከማምጣቱ በፊት ቄሰ ገበዙን «ምን ጎድሏል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ዘቢብ ወይም ዕጣን የሚል መልስ ሳያገኝ አይቀርም።

የሒሳቡ ነገር ሲነሣ «የእግዚአብሔርን ገንዘብ ምን ያስቆጥራል?» የሚሉ አይታጡም። በቅዱስ መጽሐፍ የምናነበው ግን ሌላ ነው። በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ለቤተ መቅደሱ ማደሻ የገባው ገንዘብ እስከ 23ኛው ዓመተ መንግሥቱ ድረስ ከሥራ ላይ ሳይውል ቢቀር፣ ካህኑ ዮዳሄ የሣጥን ክዳን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረ። የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት እየቆጠሩ ለሥራው ኃላፊዎች ሰጡ። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ርዳታ ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲይዘው ያደረገው፣ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝ ብሎ ነው። ሐዋርያው ቲቶን ተጠራጥሮ ነበር የሚል የለም። ዛሬም ሒሳብ የሚጠይቀው ምእመን እንደ ከሳሽ፣ የተጠየቀውም አለቃ እንደ ተከሳሽ ሊታዩ አይገባም።

የሚያስፈልገው ሥርዓት ከትንሽ አጥቢያ አቅም በላይ አይደለም። የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፎች ከአንድ ሰው በላይ በሆኑ እጆች ይያዙ፤ ለገባው ሁሉ ካርኒ ይቈረጥ፤ በዓይነት የመጣው መጋረጃና ልብሰ ተክህኖም በመዝገብ ይግባ። ዛሬ በባንክና በቴሌብር መስጠት እየተለመደ ነውና፣ ሒሳቡ በግለሰብ ስም ሳይሆን በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም መከፈቱን፣ ወጪውም በጣምራ ፊርማ መሆኑን ሰጪው አስቀድሞ ይጠይቅ። በጃንጥላው ውስጥ ከወደቀው መካከል የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም የመሰለ፣ ከጉድለት የተሰጠ ገንዘብ እንዳለ ቆጣሪዎቹ አይዘንጉ።

ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ ነገሩ ወደ ቆጠራው ይዞራል። ያን ጊዜ ከምእመናን ወገን ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ወጣት ከገንዘብ ያዡ አጠገብ ይቀመጡ፤ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ይፈረምበት። በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ከመሰናበቱ በፊት፣ ድምሩና የታሰበለት ወጪ በዐውደ ምሕረት ይነበብ። ንባቡ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።