«አሁንም ይሄን ፊልም?» ለምትሉ ሰዎች

ዛሬ ጨጓራም ደም ግፊትም የለም፤ ስለ ፊልም ነው የማወራችሁ። ስለ አዲስ ፊልም አይደለም፤ አይታችሁ አይታችሁ ስለማትጠግቡት ፊልም ነው።

በየቤቱ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ታይታኒክን ለስንተኛ ጊዜ እንደሚያይ እሱም ረስቶታል። መርከቡ እንደሚሰምጥ ያውቃል፣ ጃክ እንደሚሞት ያውቃል፣ ግን 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ሙሉ ንቅንቅ አይልም። አጠገቡ ደግሞ «ኧረ በናትህ ቀይረው! አሁንም ይሄን? አይሰለችህም?» የሚል አለ። የዛሬው ጽሑፍ ለዚህ ለሁለተኛው ሰው ነው።

አቋሜን ላስቀድም። የወደዱትን ፊልም ደጋግሞ ማየት በራሱ የስንፍናም የበሽታም ምልክት አይደለም። ብዙ ጊዜ አእምሮ የሚያርፍበት ቀላልና ርካሽ መንገድ ነው። መጨቅጨቁን ብንተው ጥሩ ነው እላለሁ።

እስቲ አስቡት፣ አዲስ ፊልም እኮ ሥራ አለው። ማን ማን እንደሆነ መለየት፣ ማንን ማመን እንዳለብን መገመት፣ ያመለጠንን ወሬ ከአጠገባችን ካለው ሰው መጠየቅ ምናምን። ቀኑን ሙሉ በታክሲ ሰልፍ፣ በአለቃ ቁጣና በቤት ኪራይ ሐሳብ ሲናጥ የዋለ ጭንቅላት ማታ ይሄን ለመሸከም አቅም ያጣል። ጭንቀት ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። የጭንቀት ዋና ምግቡ «ምን ይመጣ ይሆን?» የምትለዋ ጥያቄ ናት። ያየነው ፊልም ውስጥ ይቺ ጥያቄ ቦታ የላትም። ደጉም ክፉውም በሰዓቱ፣ በምናውቀው ቦታ ላይ ነው የሚመጣው። በኑሯችን ውስጥ እንዲህ እርግጠኛ የምንሆንበት ነገር ብዙ የለም።

«መጨረሻውን ካወቅኩት ምን ይጥመኛል?» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ አጫጭር ልቦለዶችን ለሰዎች አስነበቡ፤ አንዳንዱን ታሪክ መጨረሻውን አስቀድመው እየነገሩ፣ አንዳንዱን ሳይነግሩ። አንባቢዎቹ በአማካይ ይበልጥ የወደዱት መጨረሻው የተነገራቸውን ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ሁሉ በዚህ አልተስማሙም። ቢሆንም መጨረሻውን ማወቅ የግድ ጣዕሙን አይገድለውም። ለዚህ ጥናት እንኳን የማያስፈልገው ምስክር ሙምባይ ውስጥ አለ። ሻህ ሩክ ካን እና ካጆል የተወኑበት «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 ወጣ፤ ማራታ ማንዲር የሚባለው ሲኒማ ቤት ፊልሙን ሳያወርድ ቀጠለና በ2014 መጨረሻ 1,000 ሳምንት ሞላው። በሺኛው ሳምንት ቲኬት የቆረጠው ሰው መጨረሻውን የማያውቅ ይመስላችኋል?

የኔን ከጠየቃችሁኝ ሌላ የህንድ ፊልም ነው፤ የ2009ኙ «ስሪ ኢዲየትስ»። ስለ ምህንድስና ተማሪዎች ቢሆንም ተማሪን በውጤቱ ብቻ የሚመዝነው ኃላፊ፣ ተስፋውን ሁሉ አንድ ልጅ ላይ የጣለው ድሃ ቤተሰብ፣ እንቅልፍ የሚነሳው ፈተና... የሕክምና ተማሪም በደንብ ያውቀዋል። ፈተና በደረሰ ቁጥር እከፍተው ነበር። (ፊልሙ ውስጥ ምጥ የያዛትን ሴት በቤት ማጽጃ ቫክዩም ያዋልዷታል። በቫክዩም ማዋለድ በእርግጥ ያለ ሕክምና ነው፤ ግን ለሱ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ፣ የሚለካ ግፊትና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት!) እዛ ቦታ ስደርስ ሁሌም እናደዳለሁ፣ ሁሌም ደግሞ ዓይኔ እንባ ያቀራል። ተማሪ እያለሁ የማዝነው ለልጆቹ ነበር፤ አሁን አሁን ግን ታሞ አልጋ ላይ የተኛው አባትና አጠገቡ የሚለፉት ሰዎች ናቸው አንጀቴን የሚበሉት። ፊልሙ ያው ነው፣ የተለወጥኩት እኔ ነኝ።

ወደ ልጆች ልምጣ፣ ምክንያቱም እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እዚህ ላይ ነው። «ዶክተር፣ ልጄ አንድ ፊልም ብቻ ነው የሚያየው፤ ኦቲዝም ይሆን እንዴ?»

መደጋገም ብቻውን ኦቲዝም አይደለም። ትንሽ ልጅ አንድን ታሪክ በአንዴ አይጨርሰውም። ዛሬ የገባው ቀለሙና ዘፈኑ ነው፣ ነገ ማን ማንን እንዳስቀየመ ይገባዋል፣ ከነገ ወዲያ ቃላቱን ይይዛቸዋል። «ብሉስ ክሉስ» የሚባለው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም በ1996 ሲጀመር አንዱን ክፍል ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳይለውጡ በየቀኑ ያሳዩት ነበር። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ ልጆቹ በመደጋገሙ ታሪኩን ይበልጥ እየተረዱ፣ ከስክሪኑ ለሚመጣው ጥያቄም ይበልጥ እየጮኹ እየመለሱ ነው የሄዱት። ለኛ የሚያሰለቸው ለነሱ ትምህርት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም? ዓይን ለዓይን አይተያይም? የፈለገውን በጣቱ እያመለከተ አያሳያችሁም? በዕድሜው የሚጠበቁ ቃላት አላወጣም፣ ወይስ ያወጣቸውን ተዋቸው? እነዚህ ካሉ፣ ፊልም ደጋገመም አልደጋገመም፣ ቶሎ ለሐኪም አሳዩት። «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም» እያላችሁ ዓመት አትጠብቁ፤ ያ ዓመት ውድ ነው። ሰዓቱንም ተቆጣጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው። ያ አንድ ሰዓት ሁሌ በአንድ ፊልም ቢያልቅ እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም።

ለአዋቂውም ቢሆን ሁለት ነገር ላይ ቀልድ የለም። አንደኛው እንቅልፍ ነው። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። ስልክ ደረቱ ላይ አስቀምጦ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚያይ ሰው፣ የሚያየው አዲስም ይሁን አሮጌ፣ እያረፈ አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ፊልሙ መጣፈጡን ሲያቆም ነው። ድሮ የሚያስቀው ቦታ ላይ የማይስቅ፣ ከፍቶት ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ፣ ጓደኞቹን፣ ምግቡን፣ ሥራውን አብሮ የተወ ሰው ካለና ይሄ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ይታከማል። እንዲህ ያለውን ሰው «ፊልም አበላሸው» ብሎ ሪሞት መቀማት አይረዳውም፤ ይዞት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያወራ ከሆነ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ሂዱ።

ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ በዋናነት የገፋፉኝ ግን አረጋውያን ናቸው።

በአልዛይመር ምክንያት በሚመጣ የመርሳት ሕመም መጀመሪያ የሚሄደው የቅርቡ ትዝታ ነው። ቁርስ ምን እንደበሉ፣ ማን ሊጠይቃቸው እንደመጣ ይጠፋቸዋል። የጥንቱ ግን ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነው የሚነካው። በወጣትነታቸው ሲኒማ ራስ ወይም አምባሳደር ሄደው ያዩትን የህንድ ፊልም የትኛው ቦታ ላይ እንደሚለቀስ ሳይሳሳቱ የሚነግሯችሁ እናት፣ የዛሬው ቀን ማን እንደሆነ ሊጠፋቸው ይችላል። አዲስ ድራማ ከፍታችሁ አጠገባቸው ስትቀመጡ ምን ይሆናል? ያለፈውን ክፍል አያስታውሱትም፣ ተዋንያኑ ይቀላቀሉባቸዋል፣ ይጠይቃሉ፣ እናንተ ትሰለቻላችሁ፣ እሳቸው ያፍራሉ። የድሮውን ስትከፍቱላቸው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አዋቂዋ እሳቸው ናቸው፣ ተረኪዋ እሳቸው ናቸው። ውጭ ሀገር ከልጆቻቸው ጋር ለሚኖሩ ወላጆች ይሄ እጥፍ ነው። ቀኑን ሙሉ በማያውቁት ቋንቋ ከሚያወራ ቴሌቪዥን ፊት ለሚቀመጡ ሰው፣ የሚያውቁት አንድ የአማርኛ ፊልም ትልቅ ነገር ነው።

በሽታውን አያድነውም፣ እንዳታሳስቱብኝ። ግን ያረጋጋል፣ ቁጣና መቁነጥነጥ የሚበዛበትን አመሻሽ ቀለል ሊያደርግ ይችላል፤ ወጪ የለውም።

ስለዚህ «እማዬ፣ ትናንት አይተሽዋል እኮ!» አትበሏቸው። ትናንትን ከሆነ አያስታውሱትም፤ የሚተርፋቸው መወቀሳቸው ብቻ ነው። ይልቅ አብራችሁ ተቀመጡና «ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ይንገሯችሁ። ድምፁን ደጋግመው ከፍ የሚያስደርጉ ከሆነም ጆሯቸውን አስመርምሩላቸው። በኩክ የተደፈነ ጆሮ በቀላሉ ይጸዳል፤ ሳይታከም የቆየ የመስማት ችግር ደግሞ ከመርሳት ሕመም ጋር እንደሚያያዝ ይታወቃል። «አርጅተው ነው» እየተባለ የሚታለፍ ነገር ስለሆነ ነው የምነግራችሁ።