ስለ ሥጋ ገበያ የሚነገር ቃል

ሰው ሥጋ የሚገዛው ስለ ራበውና ገንዘብ ስላለው ብቻ ይመስለናል። ገበያውን አስተውሎ ለተመለከተ ግን ከሆድና ከኪስ ሌላ ሦስተኛ አዛዥ አለ፤ ይኸውም በጆሮ የሚገባው ቃል ነው። በአገራችን ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ጸጥ የሚለው፥ ለፋሲካም ዋዜማ የዶሮ ዋጋ የሚወደደው ባሕረ ሐሳብ ስላዘዘ ነው እንጂ ማስታወቂያ ስለ ወጣ አይደለም። በሌላው ዓለም ግን የባሕረ ሐሳቡን ሥራ ነጋዴ ሲሠራው ይታያል። ክርስቲያኑ እጅግ ጥቂት በሆነበት በጃፓን አገር፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. የኬንታኪ ኩባንያ ለገና የተጠበሰ ዶሮ ብሉ እያለ ማስታወቂያ ካወጣ ወዲህ፥ ይህ ለብዙ ቤተ ሰብ ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ሳይጾሙ መፈሰክ እንዲህ ነው።

በአሜሪካም የአሳማ አርቢዎች ሕዝቡ ወደ ዶሮ ማዘንበሉን ባዩ ጊዜ፥ በ1987 ዓ.ም. የአሳማን ሥጋ «ሌላው ነጭ ሥጋ» ብለው ሰየሙት፤ የምግብ ሊቃውንት ግን እስከ ዛሬ ከቀይ ሥጋ ይቆጥሩታል። የከብት አርቢዎችም ከሚሸጠው ከብት በራስ አንድ ዶላር ለማስታወቂያና ለምርምር እንዲያዋጡ በ1985 ዓ.ም. ሕግ ወጣ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ፈሶ እንኳ፥ ዶሮ ርካሽ ስለ ሆነ በነፍስ ወከፍ ከበሬ ሥጋ በልጦ ይበላል። ማስታወቂያ ዋጋን አያሸንፍም ማለት ነው።

የነጋዴ ቃል ቢያሳስት ጉዳቱ የተወሰነ ነው። የሹም ቃል ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገር የላሞች እብደት በሽታ ሕዝቡን ባስፈራበት ጊዜ፥ በ1990 ዓ.ም. የእርሻ ሚኒስትሩ ጆን ገመር በፎቶግራፍ አንሺዎች ፊት ለትንሽ ልጃቸው የበሬ ሥጋ በርገር አቀረቡ። በ1996 ዓ.ም. መጋቢት ወር የጤና ሚኒስትሩ ስቲቨን ዶሬል በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ በፓርላማ አስታወቁ። ገበያው ወዲያው ወደቀ፤ የአውሮፓ ኅብረትም የእንግሊዝን የከብት ሥጋ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ፤ ክልከላው ፈጽሞ የተነሣው በ2006 ዓ.ም. ነው። በኋላ የተሠየመው መርማሪ ጉባኤ ሹማምንቱ አልዋሹም፥ ነገር ግን ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ሲሉ አብዝተው ማረጋጋታቸው ስሕተት ነበረ ብሎ ፈረደ። ይህን ፍርድ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ሹም ደጋግሞ ቢያነበው መልካም ነው።

እኛም ከዚህ አላመለጥንም። በ1998 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወፍ ጉንፋን ወሬ በተናፈሰ ጊዜ፥ በሽታው በአገራችን መግባቱ ሳይረጋገጥ የዶሮ ገበያ ቀዘቀዘ። ከሁሉ ይልቅ የተጎዱት በጓሯቸው ጥቂት ዶሮ እያረቡ ለጨውና ለልጆቻቸው ደብተር የሚሸጡት ሴቶች ናቸው፤ ወሬውን ያስተባበለው ቃል ከወሬው ኋላ ነውና የደረሰላቸው።

ስለዚህ የእንስሳት ጤና የሚጠብቁ መሥሪያ ቤቶች ጥርጣሬ በተነሣበት ቀን ይናገሩ፤ ምን እንደ ተጠረጠረ፥ ናሙናው ወዴት እንደ ተላከ፥ መልሱ መቼ እንደሚጠበቅ ይግለጡ፤ ያልታወቀውንም አልታወቀም ይበሉ። ጋዜጣና ራዲዮ በማይደርስበት ቀበሌ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የሚነገር ቃል ይሰማልና፥ ማስታወቂያው ለአጥቢያው አለቃም ይላክ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ፥ ክፉም ቢሆን በጎ፥ ወሬው በተነገረበት ገበያ በዚያው ሳምንት ይነበብ።