ወደ ሩቅ ውድድር የሚሄድ ሰው ጓዝ

አንድ ወጣት ወዳጃችን ዓመት ሙሉ ለአንድ ቀን ውድድር ሲዘጋጅ ከርሞ ውድድሩን ሳያየው ቀረ። እግሩ አልዛለም፤ ትንፋሹም አላጠረም። ያስቀረው በአውሮፕላን ቲኬቱ ላይ የተጻፈ አንድ ቍጥር ነው። ይህ ከደረሰ በኋላ ባለቤቱ ወደ ቤታችን መጥታ፤ «ጋሼ፤ እንደ እኛ የሚሳሳት ሌላ ሰው እንዳይኖር በጋዜጣው ላይ ይጻፉልን» ስላለችን፤ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ አድርገነዋል።

ውድድሩ ትራያትሎን ይባላል። ሦስት ዓይነት ድካም ያለ ዕረፍት የሚከታተሉበት ነው። ረዥሙ ዓይነት 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፤ 180 ኪሎ ሜትር ቢስክሌት፤ በመጨረሻም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሩጫ አለበት። አበበ ቢቂላ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1960 ሮማ ላይ በባዶ እግሩ የሮጠውን ርቀት እነዚህ ሰዎች የሚጀምሩት ከዋኙና ቢስክሌት ከነዱ በኋላ ነው ማለት ነው። በ1978 በሃዋይ ደሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ የተነሡት 15 ሰዎች ሲሆኑ የጨረሱት 12 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ግን በብዙ አገሮች ይደረጋል፤ ከሯጮቹም አብዛኞቹ እንደ ወዳጃችን ቀን ቢሮ የሚውሉ፤ ማለዳና ማታ የሚለማመዱ ናቸው።

ወዳጃችን የመረጠው የሮትን ውድድር ነው። ሮት በጀርመን አገር በባየርን ክፍል፤ ከኑረንበርግ በስተ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ አካባቢ ትራያትሎን የተጀመረው በ1984 ሲሆን አሁን የሚታወቅበትን ስም የያዘው በ2002 ነው። ፈጣን በመሆኑ ዝናው ከፍ ያለ ነው፤ በ2024 የዴንማርኩ ማግኑስ ዲትሌቭ በ7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ24 ሰኮንድ፤ ጀርመናዊቷ አን ሃውግ ደግሞ በ8 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ38 ሰኮንድ የጨረሱት እዚያው ነው። ለእኛ ሰው ግን የሮት ዋናው ጥቅም ሌላ ነው። በበጋ ወራት በጀርመንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት አንድ ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ እንቅልፍ አይዛባም። ሃዋይ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 13 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ቀትር ሲሆን እዚያ ገና የትናንቱ ምሽት አምስት ሰዓት ይሆናል። እንደዚያ ያለ ስፍራ የሚሄድ ሰው ሰውነቱ እስኪላመድ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቀን አስቀድሞ መግባት አለበት፤ የዚህም ወጪ በቤት ገንዘብ ላይ የሚያደርሰውን ባለቤቶች ያውቁታል።

እንግዲህ ወደ ስሕተቱ እንመለስ። ቲኬቱ «ዐርብ 00:30» ይላል። ባልና ሚስት ይህን አይተው ዐርብ ማታ ጓዛቸውን ሸክፈው፤ እናትና አባት ተሰናብተው፤ ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ከአውሮፕላን ጣቢያ ደረሱ። አውሮፕላኑ ግን የሄደው በዋዜማው ሌሊት ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር አዲሱ ቀን የሚገባው በእኩለ ሌሊት ስለ ሆነ፤ ዐርብ 00:30 ማለት በእኛ አነጋገር ሐሙስ ለዐርብ አጥቢያ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የራሳቸው ነው። በዚያ ሌሊት በሚነሣው አውሮፕላን ቦታ አልተገኘም፤ በማግሥቱ ሌሊት ቢሄድ ደግሞ ቢስክሌት የሚረከቡበት ቀን ያልፋል። የከፈለው የውድድር ገንዘብ፤ የሆቴሉ ኪራይ፤ የቪዛው ድካም ሁሉ እንዲሁ ቀረ። ከሁሉም የባሰው፤ ባለቤቱ እንደ ነገረችን፤ ቢስክሌቱ በሣጥኑ ውስጥ እንደ ታሰረ ለሁለት ወር ከሳሎኑ ጥግ መቆሙና ማንም ሊፈታው አለመድፈሩ ነው።

አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን «አጥቢያ» የምትለውን ቃል እንድትይዟት እንመክራለን። «ለዐርብ አጥቢያ» ሲባል ዐርብ ሊነጋ ያለው ሌሊት ነው እንጂ ዐርብ ማታ አይደለም። ቀጠሮ ስትሰጡ ይህችን ቃል ብታክሉባት ከብዙ ክርክር ትድናላችሁ። በሰዓቱም በኩል እንዲሁ ነው፤ ጀርመኖች 6:30 የሚሉት ማለዳ በእኛ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ 18:05 የሚል የባቡር ወረቀትም ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ማለት ነው። ወሩም ቢሆን ያሳስታል። ውድድሩ በሰባተኛው የፈረንጅ ወር መጀመሪያ ይደረጋል፤ ለምሳሌ በ2025 በጁላይ 6 ቀን ነበር። የእኛ ሰባተኛ ወር ግን መጋቢት ነው፤ ያ ቀን በእኛ የዋለው ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ነው። በመሥሪያ ቤት ፈቃድ ሲጠየቅ ሁለቱንም አቈጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ አጠገብ ለአጠገብ መጻፍ ብዙ ድካም አይጠይቅም።

ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ከአንድ ዓመት በፊት ነው። የሮት ውድድር ስም መመዝገቢያ ሲከፈት ቦታው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ ስለዚህ የተመዘገበ ሰው ዕድለኛ ነው። ቪዛው ግን በዕድል አይገኝም። ጀርመን የሸንገን ስምምነት አገር ስለ ሆነች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጉዞው በፊት ከስድስት ወር ጀምሮ ሲሆን፤ ቢዘገይ እስከ 15 ቀን ድረስ ነው። ለሮት ውድድር ከገና በዓል እስከ ሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ማለት ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ቀጠሮ ለማግኘት ብቻ ብዙ ሳምንት ሊያልፍ ስለሚችል ሰኔን የሚጠብቅ ሰው በገዛ እጁ ራሱን ይጎዳል። ፓስፖርቱ ከተሰጠ ዐሥር ዓመት ያልሞላው፤ ከጉዞው መልስ በኋላም ቢያንስ ለሦስት ወር የሚያገለግል፤ ሁለት ባዶ ገጽም ያለው መሆን አለበት። የሕክምና ኢንሹራንሱ ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፤ ውሉ በውድድር ላይ የሚደርስን ጉዳት የማይሸፍን ሊሆን ይችላልና በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤቱ የፈቃድ ደብዳቤ፤ የባንክ መግለጫ፤ የውድድሩ ምዝገባና የማረፊያው ማስረጃ አብረው ይቀርባሉ። የቪዛው ክፍያ ከ2024 ጀምሮ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቪዛው ቢከለከልም ይህ ገንዘብ አይመለስም።

አሁን ወደ ቢስክሌቱ እንምጣ፤ ትልቁ ጓዝ እርሱ ነውና። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ያለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጉዞ በ1958 የተጀመረ አሮጌ መሥመር ነው፤ በረራው ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በየትኛውም አየር መንገድ ቢሆን ቲኬት ከመገዛቱ በፊት የቢስክሌት ክብደትና ዋጋ እንዴት እንደሚቈጠር ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል። በቃል የተነገረ ነገር ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ከሚዛኑ ፊት ለፊት ምስክር የለውም።

ሲታሸግ ሁለቱ ጎማዎች ይወጣሉ፤ ነፋሳቸውም ትንሽ ይቀነሳል እንጂ ጨርሶ አይለቀቅም። መሪው ተፈቶ ከዘንጉ ጋር ይታሰራል። ፔዳሎቹ ይፈታሉ፤ የቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይላቀቃል፤ የግራው ግን በተቃራኒው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ጠንካራ ሰው ሲታገል ብረቱን ሲያበላሽ አይተናል። ካቴናውን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚያሻግረው የኋላው ዕቃ ከሁሉ ይልቅ ይሰበራል፤ ስለዚህ እርሱን ፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ማስገባት፤ የሚንጠለጠልበትንም ትንሽ ብረት ትርፍ አንድ መያዝ መልካም ነው፤ የአንዱ ቢስክሌት ለሌላው ስለማይሆን በሰው አገር በቅዳሜ ቀን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ከመፈታቱ በፊት የመቀመጫውን ከፍታ በፕላስተር ምልክት ያደረገ ሰው በኋላ ራሱን ያመሰግናል። ትርፍ የሊትየም ባትሪ ከእጅ ሻንጣ በቀር በሌላ ጓዝ አይገባም። ጎማ ለመንፋት የሚያገለግሉት ትንንሽ የጋዝ ቆርቆሮዎች ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ስለማይጫኑ እዚያው ደርሶ መግዛት ይሻላል። ጫማ፤ የራስ ቁር፤ የዋና መነጽርና ፔዳሎቹ ከእጅ መለየት የለባቸውም፤ ሣጥኑ ቢዘገይ ቢስክሌት ይከራዩታል፤ በእግር ልክ የለመደ ጫማ ግን አይከራዩትም።

ከፍራንክፈርት ወደ ኑረንበርግ ፈጣኑ ባቡር ከሁለት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ተፈቶ በሣጥን የታሸገ ቢስክሌት እንደ ጓዝ ይቈጠራል፤ እንደ ተገጣጠመ ግን ቦታ አስቀድሞ ካልተያዘለት አይጫንም፤ የማይጭኑም ባቡሮች አሉ። ከኑረንበርግ ሮት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ሮት ትንሽ ስለ ሆነች በውድድሩ ሳምንት ማረፊያዋ ይሞላል፤ ኑረንበርግ ማደር ይቻላል፤ ነገር ግን ውድድሩ የሚጀምረው በማለዳ ስለ ሆነ በዚያ ሰዓት በምን እንደሚደረስ በዋዜማው ሳይሆን በወር በፊት ማወቅ ግድ ነው።

መድረስ የሚገባው መቼ ነው ለሚለው፤ የእኛ አስተያየት ከውድድሩ ቢያንስ አራት ቀን በፊት ነው። የሰዓት ልዩነት ባይኖርም ሣጥኑ ሊዘገይ ይችላል፤ ቢስክሌቱ መገጣጠምና መሞከር አለበት፤ ምዝገባውም በአካል ነው። በዋዜማው ቢስክሌቱ ለአዘጋጆቹ ይሰጣል። በሮት ከዋና ወደ ቢስክሌት የሚተላለፉበትና ከቢስክሌት ወደ ሩጫ የሚተላለፉበት ስፍራ የተለያየ ስለ ሆነ፤ የቢስክሌቱና የሩጫው ዕቃ በሁለት ከረጢት ተለይቶ መታሰር አለበት። የሩጫ ጫማውን ከቢስክሌቱ ዕቃ ጋር የቀላቀለ ሰው ዐሥራ ስምንት ሳምንት የተለማመደውን በአንድ ከረጢት ያጣል። ዋናው የማይንንና የዳኑብን ወንዞች በሚያገናኘው የመርከብ ቦይ ውስጥ ነው፤ ውሃው ለላንጋኖ ሰው ቀዝቃዛ ነውና ገላ የሚያሞቀው የላስቲክ የዋና ልብስ አይረሳ።

አብሮ ለሚሄድ ቤተ ሰብም ጥቂት እንበል። በውድድሩ ቀን ብዙ መንገድ ለመኪና ይዘጋል፤ ከቀትር በፊት መኪና ይዞ ወዲያና ወዲህ ለማለት ማሰብ ከንቱ ነው። ሂልፖልትሽታይን አጠገብ ዞላረር ቤርግ የሚባለው ዳገት ላይ ሕዝቡ መንገዱን እስኪያጠብብ ድረስ ግራና ቀኝ ቆሞ ስለሚያበረታታ፤ እዚያ ለመቆም የሚሻ በማለዳ ስፍራውን መያዝ አለበት። ሚስት ባሏን በቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ለደቂቃ ብታየው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙበትን አንድ ስፍራ አስቀድመው ይወስኑ። ልጆች ካሉ ምግብና ጥላ ይያዝ፤ የጀርመን በጋ በአንዳንድ ቀን የአዋሽን ሙቀት ያስታውሳል።

የመልሱን ቲኬት በውድድሩ ማታ የሚይዝ ሰው አይተናል፤ ገንዘብ ለማትረፍ ነው። የደከመ እግር ሰባት ሰዓት በጠባብ ወንበር ላይ ታጥፎ መቀመጥ ለደም ዝውውር መልካም አይደለም፤ ቢስክሌቱም ተፈቶ መታሸግ አለበት፤ ደግሞም ሰውየው ቆሞ መሄድ ሲያቅተው ጓዙን የምትሸከመው ሚስቱ ናት። ሁለት ሌሊት ማሳደር ይገባል። የቢስክሌቱም የግዢ ደረሰኝ በጉዞው ሁሉ ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን፤ አገር ቤት ሲመለሱ በጉምሩክ ፊት አዲስ ዕቃ መስሎ ቢታይ ማስረጃው እርሱ ነው።

ወዳጃችን ሣጥኑን በመጨረሻ ፈቶታል፤ ለመጪውም ውድድር ተመዝግቧል። ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄደን ቡና ስንጠጣ፤ በማድ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለውን የቀን መቍጠሪያ አየነው። በአንዱ ዕለት ላይ በባለቤቱ እጅ በቀይ ቀለም «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፤ ከቤት የምንወጣው ማክሰኞ ማታ በሁለት ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም ልጃቸው አውሮፕላን ሥላበታለች።