ጤናችን፦ ማሽላ ጠባቂና ቢምቢ

ዛሬ ስለ ቢምቢ እናነባለን። ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

መስከረምና ጥቅምት ቆላ ውስጥ ወባ ይበረታል። ማሽላውም ከከርከሮና ከጃርት የሚጠበቀው ያን ጊዜ ነው። ወባ የምታመጣው ቢምቢ ሲመሽና ሌሊት ትናከሳለች። ጠባቂው ደግሞ ሌሊቱን ማሳው ዳር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አባቶች ያሳዩኝን ልንገራችሁ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ፊደል ላስተምር መጥቼ ጢስ ተማርኩ።

መጀመሪያ ዙሪያውን ሣር አጽዱ፤ እሳቱ ሰብል እንዳይበላ። ፍም አዘጋጁ። እርጥብ የወይራ ወይም የባሕር ዛፍ ቅጠል ጣል አድርጉበት። ነፋሱ ከወዴት ይመጣል? ፍሙን በዚያ በኩል አድርጉት። ጢሱ በላያችሁ ይለፍ። ጢሱ ሲያልቅ ቢምቢዋ ትመለሳለች። ስለዚህ ቅጠሉን አስቀድማችሁ አከማቹ።

ቢምቢዋ የተቀመጠ ሰው ስታገኝ እግሩን ትመርጣለች። እኛ ጋቢያችንን ትከሻ ላይ እንደርባለን፤ እግራችን ባዶውን ይቀራል! እግራችሁን ጠቅልሉት።

ላምባ የሚቀቡም አሉ። ተዉት፤ ቆዳ ያቃጥላል። ጢሱንም ሕፃን ባለበት ቤት አታጭሱ። ለቤት አጎበር ይሻላል።

ጢስ ቢምቢን ያርቃል እንጂ ወባን አያድንም። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. ወባ ወደ 150,000 የሚገመት ሰው ፈጅቷል። ጢስ ያኔም ነበረ።

ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ደማችሁ ይመርመር። ማሽላውን ጎረቤት ይጠብቅላችሁ።