ልጃችሁ ኮምፒዩተር ልገጣጥም ሲል

የአሶሳ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ የጨዋታ ኮምፒዩተር በገዛ እጁ ልገጣጥም ብሎ ገንዘብ ቢለምናችሁ፥ አትቆጡት፤ ከእርሱ ጋር ተቀምጣችሁ ሒሳቡን አስቡ እንጂ።

ርካሹ መንገድ፥ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። ነገር ግን የቢሮ ዕቃ ፓወር ሳፕላዩ ደካማ ስለ ሆነ፥ ከ75 ዋት የማይበልጥና ኃይሉን ከማዘርቦርዱ የሚያገኝ ካርድ ይምረጥ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ አብዛኛው ዓይነቱ እንዲህ ያለ ነው። የሣጥኑንም ስፋት አስቀድሞ ይለካ፤ ትልቅ ካርድ ከቀጭን ሣጥን አይገባምና። የማይስማማ ዕቃ ለማስለወጥ እስከ አዲስ አበባ መመላለስ ከቁጠባው ይበልጣል።

አሶሳ ከአዲስ አበባ ይልቅ ሞቃት ናትና ማራገቢያው ከአቧራ ይጠረግ። ገንዘቡንም ሁሉ በካርዱ ላይ አይጨርስ፤ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠብቀውን ስታቢላይዘር መግዣ ያስቀር። ልኩን አስቀድሞ ያወቀ ልጅ የወላጆቹን ድካም በአንድ ሌሊት አያቃጥልም።