በእጃችን እንሥራ፦ ፎምና ኮላ

ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። ይህን መንገድ ለክፍላችን በትንሹ ልንሠራው ተነሣን። መደቡ ኮምፔንሳቶ ነው። ተራራው ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም ነው።

ቸኮልንና በማስቲሽ አጣበቅነው። ጉድ ፈላ! ማስቲሹ ፎሙን በላው። ተራራችን ጉድጓድ ሆነ። ለካ እንዲህ ያለው ማስቲሽ ፎም ያሟሟል።

እንደገና ጀመርን። የኮምፔንሳቶውን አቧራ ጠረግን። ነጩን የአናጢ ኮላ ስስ አድርገን ቀባን። ፎሙን አስቀምጠን፣ ጣውላ ደርበን፣ ድንጋይ ጫንንበት። ፎም እርጥበት ቶሎ አያስወጣም፤ ስለዚህ ኮላው ቀስ ብሎ ይደርቃል። ሁለት ቀን ታገሥን። ያዘ!

እናንተም አስቀድማችሁ በቁራጭ ፎም ሞክሩ። የጣሳውንም ጽሑፍ አንብቡ። እኛ ንባብ እያስተማርን፣ ጣሳውን ሳናነብ ከሰርን።